አዳማ ቁጭ ብሎ ለወታደራዊ ድሮን ሲስተም የብቃት ፈተና እንዴት ይዘጋጃል

ሰላም፣ ይሄን ምጽፈው ለድሮን ሲስተም የብቃት ፈተና ስማችሁ ወጥቶ፣ ወይ ሊወጣ ነው ተብሎ፣ እዚ አዳማ ሆናችሁ ከየት ልጀምር ለምትሉ ነው። ኢንጂነሪንግ ጨርሳችሁ የገባችሁ አላችሁ፣ ከሌላ ሙያ የተዛወራችሁም አላችሁ። የመጀመሪያዎቹ ሒሳቡ ቀላል ስለሆነላቸው ፕሮሲጀሩን ይንቃሉ፣ ሌሎቹ ደሞ ፕሮሲጀሩን ሸምድደው ምክንያቱን ሲጠየቁ ይደነግጣሉ። ሁለቱም ይወድቃሉ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር፣ የክፍላችሁ ማኑዋል የክፍላችሁ ነው። ፎቶ አንስታችሁ ቴሌግራም ላይ እንዳትልኩ፣ ፈተናው ቀርቶ ሌላ ጣጣ ነው ሚመጣባችሁ። "የፈተናው ጥያቄ ወጥቷል" እያለ ሚሸጥም አይጠፋም፣ ብራችሁን አታቃጥሉ። እዚ ምናወራው በየትኛውም ሀገር በግልጽ ስለሚታወቀው መሠረታዊ እውቀት ነው፣ ፈተናው ደሞ አብዛኛውን ከዚ ነው ሚወስደው።

1. መጀመሪያ ምን እንደምትፈተኑ ለዩ

የፈተናው ስምና ደረጃ ከሀገር ሀገር ይለያያል። አሜሪካኖቹ ከ2009 ጀምሮ ለሁሉም የጦር ክፍሎቻቸው የጋራ ዝቅተኛ የሥልጠና መስፈርት አውጥተው መሠረታዊ ብቃቱን በ4 ደረጃ ከፍለውታል፣ ኔቶም ስታናግ 4670 ሚባል የራሱ የኦፕሬተር ሥልጠና መስፈርት አለው። ይዘቱን ጎን ለጎን ስታዩት ግን ያው ነው፤ ኤሮዳይናሚክስ፣ ሜትሮሎጂ፣ የአየር ክልልና ሕግ፣ የአውሮፕላኑ ሲስተም፣ ኮሙኒኬሽን፣ የሰው ባህርይ፣ ኢመርጀንሲ። አብዛኛው ቦታ ጽሁፍ አለ፣ ኦራል አለ፣ ከዛ ሲሙሌተር ወይ እውነተኛ በረራ አለ። አሠልጣኛችሁን ሲለበሱን በጽሁፍ ጠይቁት፣ የትኛው ክፍል ስንት ነጥብ እንደሚይዝ ካወቀም ጠይቁት። ሳያፍሩ መጠየቅ ነው፣ ብዙ ሰው ሲለበስ ሳይኖረው ዩቲዩብ ላይ ከርሞ ይመጣል።

2. ሲስተሙን በእጃችሁ ሳሉት

ድሮን ሲባል ሰው ሚያስበው ሚበረውን ነገር ብቻ ነው። ፈተናው ላይ ግን "ሲስተም" ነው ሚባለው፣ ማለትም አውሮፕላኑ፣ መሬት ላይ ያለው መቆጣጠሪያ ጣቢያ፣ ዳታ ሊንኩ (አውሮፕላኑንና ጣቢያውን ሚያገናኘው ሬዲዮ)፣ ፔይሎዱ (ካሜራው፣ ሴንሰሩ ምናምን)፣ ማስነሻና መቀበያው፣ ከዛ ሰዎቹ። ትልቅ ወረቀት ላይ እነዚን ስድስት ሳጥኖች ሳሉና በመሃላቸው መስመር አስምሩ፣ እያንዳንዱ መስመር ላይ ምን እንደሚያልፍ ጻፉ፤ ትዕዛዝ ነው? ቪዲዮ ነው? ነዳጅ ነው? መብራት ነው?

አሁን ዋናው ሥራ ይመጣል። እያንዳንዱን መስመር በጣታችሁ ሸፍኑና "ይሄ ቢቋረጥስ?" በሉ። ፓይለቱ ምን ያያል፣ አውሮፕላኑ ለብቻው ምን ያደርጋል፣ ምን ያህል ጊዜ አለን፣ ቀጥሎ ምን ይሞታል? ለምሳሌ ጀነሬተሩ ቆመ እንበል። ባትሪው ይረከባል፣ ሲስተሙ መብራት ለመቆጠብ አስፈላጊ አይደሉም ሚላቸውን ዕቃዎች ያጠፋል፣ ከሚጠፉት ውስጥ አንዳንዴ ከመሬት ጋ ሚያገናኘው አንዱ ሊንክ ይኖራል። ማለት የኤሌክትሪክ ችግር የነበረው ደቂቃ ሳይሞላ የኮሙኒኬሽን ችግር ሆነ። ኦራል ላይ ሚያጠምዱት በዚ ነው። ቁጥር ጠይቀው አይበቃቸውም፣ "ከዛስ? ከዛስ?" እያሉ ይወስዱሃል። ይሄን ወረቀት ሳይስል ሦስት መቶ ጥያቄ የሸመደደ ሰው ሁለተኛው "ከዛስ?" ላይ ይቆማል።

3. ምድቦቹን ከምሳሌ ጋ ያዙ

በአሜሪካኖቹ አከፋፈል 5 ግሩፕ አለ። ግሩፕ 1 እስከ 20 ፓውንድ፣ ከመሬት በላይ ከ1,200 ጫማ በታች፣ ፍጥነቱ ከ100 ኖት (1 ኖት በሰዓት 1.85 ኪሎሜትር ገደማ ነው) በታች። ግሩፕ 2 ከ21 እስከ 55 ፓውንድ፣ ከ3,500 ጫማ በታች፣ ከ250 ኖት በታች። ግሩፕ 3 ከ1,320 ፓውንድ በታች፣ ከ18,000 ጫማ በታች። ግሩፕ 4 እና 5 ከ1,320 ፓውንድ በላይ ናቸው፣ ሚለያቸው 4ኛው ከ18,000 ጫማ በታች ሚሠራ፣ 5ኛው ከዛ በላይ መሆኑ ነው። የኔቶው በኪሎ ነው፣ ክላስ 1 ከ150 ኪሎ በታች፣ ክላስ 2 ከ150 እስከ 600፣ ክላስ 3 ከ600 በላይ።

ቁጥሩን ብቻውን አትሸምድዱ፣ ዕቃ ስጡት። ሬቨን በእጅ ተወርውሮ ሚነሳው 1.9 ኪሎ ገደማ ነው፣ ግሩፕ 1። ስካን ኢግል በካታፑልት ይነሳል፣ ሲመለስ የተንጠለጠለ ገመድ በክንፉ ይይዛል፣ ግሩፕ 2። ሻዶው ግሩፕ 3። ሪፐር ክንፉ 20 ሜትር፣ ክብደቱ ሲነሳ ወደ 4,760 ኪሎ፣ ጣሪያው 50,000 ጫማ፣ ግሩፕ 5። ባይራክታር ቲቢ2 ደሞ ጥሩ መለማመጃ ነው፣ ክንፉ 12 ሜትር፣ ከፍተኛው የመነሻ ክብደት 700 ኪሎ፤ 1,320 ፓውንድ 600 ኪሎ አካባቢ ስለሆነ ክብደቱ ብቻ ከግሩፕ 3 ያስወጣዋል። መጠኑን አይቶ "ታክቲካል ነው፣ 3 ነው" ሚል ሰው ይሳሳታል።

ሌላ ወጥመድ አለ። የግሩፕ 1 እና 2 ከፍታ ሚለካው ካለህበት መሬት ነው፣ ከባህር ጠለል አይደለም። አዳማን ወደ 5,400 ጫማ ብንይዛት 1,200 ጫማ ከመሬት በላይ ማለት አልቲሜትሩ (ከፍታ መለኪያው) ላይ 6,600 ነው። ይሄን የቀላቀለ ሰው ጥያቄውን ብቻ ሳይሆን ኮረብታውንም ይመታል።

4. ኤሮዳይናሚክስና የአዳማ ሙቀት

እዚ ጋ ጊዜ ስጡ፣ ምክንያቱም መማሪያዎቹ በሙሉ በባህር ጠለል ለሚኖር ሰው የተጻፉ ነው ሚመስሉት፣ እኛ ደሞ ከፍታ ላይ ነን፣ ያውም ሙቀት ያለበት ከፍታ።

ዴንሲቲ አልቲትዩድ ሚባለውን፣ ማለትም አየሩ ከመሳሳቱ የተነሳ አውሮፕላኑ የስንት ጫማ ከፍታ ላይ ያለ ያህል እንደሚሆን፣ በአዳማ ቁጥር ሥሩት። ስታንዳርድ ሙቀት ባህር ጠለል ላይ 15 ዲግሪ ነው፣ በየ1,000 ጫማው 2 ዲግሪ ይቀንሳል። 5,400 ጫማ ላይ 15 ሲቀነስ 10.8፣ 4.2 ዲግሪ መሆን ነበረበት። ሚያዝያ ላይ ቀን 8 ሰዓት 30 ዲግሪ ሆነ እንበል። ልዩነቱ 25.8 ነው፣ ለአንድ ዲግሪ 120 ጫማ ስለሚያዝ በ120 ሲባዛ 3,096፣ 5,400 ላይ ሲደመር ወደ 8,500 ጫማ። ግፊቱን ስታንዳርድ አድርገን ነው ያሰላነው። ኪውኤንኤች (ወደ ባህር ጠለል የተመለሰው የዕለቱ የአየር ግፊት) 1,013 ካልሆነ መጀመሪያ ፕረዠር አልቲትዩዱን (በግፊት የተስተካከለውን ከፍታ) አስተካክሉ፣ አንድ ሄክቶፓስካል 30 ጫማ ገደማ ነው፣ 1,023 ከሆነ 300 ጫማ ትቀንሳላችሁ።

ይሄ 8,500 ምን ማለት ነው? አየሩ ባህር ጠለል ላይ ካለው ሩብ ገደማ ሳስቷል ማለት ነው። ክንፉ ያንኑ ሊፍት (ወደ ላይ ሚያነሳውን ኃይል) ለማግኘት የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል፣ ፕሮፔለሩም ሚይዘው አየር ያንሳል፣ ተርቦ (አየር ጨምቆ ሚያስገባ) የሌለው ሞተርም ኃይሉ ይወርዳል፣ ሦስቱም በአንዴ። መነሻ ርቀቱ ይረዝማል፣ ሽቅብ መውጣቱ ይሰንፋል። ስታርፉ ደሞ ኢንዲኬትድ ስፒዱ (ጌጁ ላይ ሚታየው) ያው ሆኖ እውነተኛው ፍጥነት 13 ወይ 14 ፐርሰንት ይበልጣል፣ ፍሬኑም ማቆሚያ ርቀቱም እሱን ነው ሚያውቁት። "ለምን ጠዋት ማለዳ እንነሳለን?" ብለው ከጠየቋችሁ መልሱ ይሄ ነው፣ "ብርድ ስለሆነ ይመቻል" ብቻ ካላችሁ ግማሽ ነጥብ ነው።

ስቶልን (ክንፉ ሊፍቱን ሲያጣ) በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ፣ 60 ዲግሪ አዘንብሎ ከፍታውን ሳይለቅ ሚዞር አውሮፕላን 2 ጂ (የክብደቱን ሁለት እጥፍ) ይሸከማል፣ ስቶል ስፒዱም በ41 ፐርሰንት ይጨምራል። ቀጥ ብሎ 50 ኖት ላይ ስቶል ሚያደርግ እዛ ጋ 71 ላይ ያደርጋል። ከመሬት ሆነህ ሰውነትህ ጂውን ስለማይሰማው ቁጥሩን ስክሪን ላይ ማየት ልማድ መሆን አለበት። ኦራል ላይ ይሄን ካልክ ደስ ይላቸዋል።

5. ንፋስ፣ አቧራና ሰዓት

ንፋስን ለመማር ከአዳማ የተሻለ ቦታ የለም፣ ዝም ብሎ አይደለም የንፋስ ኃይል ማመንጫው እዚ የተተከለው። አዳማ 1 51 ሜጋዋት ነው፣ አዳማ 2 153፣ ተርባይኖቹ ኮረብታው ላይ መቀመጣቸውም ራሱ ትምህርት ነው፤ ንፋስ ሸንተረር ሲወጣ ይፈጥናል፣ ከጀርባው ሲወርድ ይረበሻል። ትንሽ ድሮን ከሸንተረር ጀርባ ዝቅ ብሎ ሲገባ ሚንገላታው ለዛ ነው። በጋ ላይ ሜዳው ላይ ሚሽከረከረውን አቧራ ሁላችሁም አይታችኋል፣ ያ የጋለ መሬት ሚወልደው ወደ ላይ ሚወጣ አየር ነው፣ አቧራ ባይነሳም ንፋሱ ሊኖር ይችላል፣ አይታይም እንጂ።

የጎን ንፋስ ሒሳብ በጭንቅላት መሠራት አለበት። ልዩነቱ 30 ዲግሪ ከሆነ ግማሹ፣ 45 ከሆነ 70 ፐርሰንቱ፣ 60 ከሆነ 87 ፐርሰንት ገደማ። ራንዌይ 05፣ ንፋሱ ከ080 በ20 ኖት፣ ልዩነቱ 30፣ የጎን ንፋሱ 10 ኖት። በቃ። ራንዌይ ቁጥር በ10 ተባዝቶ ነው ዲግሪ ሚሆነው፣ ይሄን ረስቶ ሚደናገር አይጠፋም።

ሜታር (የአየር ማረፊያ የአየር ሁኔታ ሪፖርት) ማንበብ ግዴታ ነው። የቦሌን ሜታር በየቀኑ ከኢንተርኔት አውጥታችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡ፣ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ንፋሱ ከየት በስንት፣ እይታ፣ ደመና፣ ሙቀትና ጤዛ ነጥብ፣ ግፊት። 9999 ሚለው እይታ 10 ኪሎሜትርና ከዛ በላይ ማለት ነው። ሙቀቱና ጤዛ ነጥቡ ከተቀራረቡ ጭጋግ ወይ ዝቅ ያለ ደመና ጠብቁ፣ ካርቡሬተር ያለው ሞተር ከሆነ ደሞ በረዶ። ካርቡሬተር ውስጥ በረዶ ለመሥራት ውጪው መብረድ የለበትም፣ እርጥበት ካለ 20 ዲግሪ ላይም ይሠራል።

ከዛ የኛ ሀገር ጉድ አለ፣ ሰዓት። አቪዬሽን በዙሉ (በግሪንዊች ሰዓት) ነው ሚሠራው፣ እኛ ደሞ ከጠዋት 12 ሰዓት ነው ምንቆጥረው። አቋራጩ ይሄ ነው፤ በቀን ሰዓታችን ላይ 3 ጨምሩ፣ ዙሉ ይሆናል። ጠዋት 3 ሰዓት 06፡00 ዙሉ ነው። ማታ ከሆነ 12ም 3ም ጨምሩ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት 17፡00 ዙሉ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት በኋላ ያለው 24 አልፎ ይሄዳል፣ ስለዚ 24 ቀንሱለት፤ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ሲደመር 25 ይመጣል፣ 01፡00 ዙሉ ማለት ነው። ቀኑም የፈረንጅ ነው። ስልካችሁ ላይ ሁለተኛ ሰዓት ከፍታችሁ ዙሉ አድርጉት፣ ቀጠሮአችሁንም እስቲ ለሳምንት በዙሉ ያዙ፣ ጓደኛ ቢስቅም ይስቅ።

6. ሊንኩ፣ የፈተናው ልብ

ሁለት ዓይነት አለ፣ በቀጥታ እይታ ሚሠራና በሳተላይት ሚሠራ። ቀጥታውን ለማስላት የሁለቱን አንቴናዎች ከፍታ በሜትር ወስዳችሁ ስኩዌር ሩታቸውን ደምሩ፣ በ4.12 አባዙ፣ ኪሎሜትር ይሰጣችኋል። መሬት ላይ ያለው አንቴና 10 ሜትር፣ አውሮፕላኑ ከሱ በላይ 1,000 ሜትር ቢሆን፣ 3.16 ሲደመር 31.6፣ በ4.12፣ 143 ኪሎሜትር ገደማ። ይሄ ግን መሬቱ ሜዳ ነው ብሎ ነው፣ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ደሞ ሜዳው አልቆ ገደልና ተራራ ይመጣል፣ መሃል ላይ ኮረብታ ከገባ ሒሳቡ ዋጋ የለውም። ሰው ሚረሳው ሌላ ነገር፣ አውሮፕላኑ ሲያዘነብል የገዛ ክንፉና ሆዱ አንቴናውን ይሸፍናል። ሊንኩ መዞሪያ ላይ ተቋርጦ ቀጥ ሲል ሚመለስ ከሆነ መጀመሪያ ይሄን ጠርጥሩ።

ሳተላይቱ ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎሜትር ከፍታ ላይ ነው ሚቀመጠው። ሲግናል ወጥቶ እስኪወርድ ሩብ ሰከንድ ገደማ ይፈጃል፣ ትዕዛዝ ሄዶ ምስል እስኪመለስ ግማሽ ሰከንድ፣ የመሣሪያዎቹን ሳንቆጥር። ግማሽ ሰከንድ ዘግይቶ ሚያይ ሰው በእጁ ላሳርፍ ቢል አውሮፕላኑን ያወዛውዘዋል። ለዛ ነው እነ ሪፐር ላይ ማስነሳትና ማሳረፉ በተለምዶ ለሜዳው ቅርብ በሆነ ቡድን በቀጥታ ሊንክ ሚሠራውና መሃል ያለውን በረራ ሌላ ቡድን ከሩቅ ሚረከበው። ርክክቡ ራሱ የፈተና ጥያቄ ነው።

ሎስት ሊንክን (ሊንኩ ሲቋረጥ አውሮፕላኑ ምን እንደሚያደርግ) በተመለከተ ሁሉም ሰው "ወደ ቤቱ ይመለሳል" ይላል። ይመለሳል፣ ግን በየት በኩል? በምን ከፍታ? ብዙዎቹ ሲስተሞች ቀድሞ የተጫነላቸውን መንገድ ነው ሚከተሉት፣ ትንሽ ይጠብቃሉ፣ ከፍ ይላሉ፣ ወደ አንድ ነጥብ ሄደው ይዞራሉ፣ ሊንክ ካልተመለሰ ወደ ሚያርፉበት ይሄዳሉ ወይ የተባሉትን ያደርጋሉ። ወጥመዱ፣ ጠዋት የተጫነው መንገድ ከሰዓት ላለህበት ቦታ ላይሆን ይችላል፣ መሃል ላይ ተራራ ሊኖር ይችላል፣ ነዳጁም ላይበቃ ይችላል። ስለዚ መልሳችሁ ላይ "የሎስት ሊንክ መንገዱን ቦታ በቀየርኩ ቁጥር አድሳለሁ" ሚል ዓረፍተ ነገር ካለ ፈታኙ ቀና ይላል።

ጂፒኤስም አለ። ቦታና ሰዓት ለመስጠት ቢያንስ 4 ሳተላይት ይፈልጋል። ጃሚንግ ሲግናሉን ያፍናል፣ ስለዚ ታውቀዋለህ፤ ስፑፊንግ ውሸት ቦታ ይነግርሃል፣ ስለዚ ላታውቀው ትችላለህ። የኢነርሺያል ሲስተሙ (የራሱን እንቅስቃሴ ለክቶ ቦታውን ሚያሰላው) ጂፒኤስ ሲጠፋ ይይዛል ግን እያደር ስህተቱ ይጠራቀማል። የካሜራው ምስል ካርታው ላይ ካለው መንገድና ወንዝ ጋ ይገጥማል ወይ ብሎ ማመሳከር የድሮ ዘዴ ነው፣ ግን ይሠራል።

7. ሞተር፣ ነዳጅ፣ ባትሪ

ይሄ ክፍል ማኑዋላችሁ ላይ ስላለ በፍጥነት ልለፈው። ለእያንዳንዱ ጌጅ ኖርማሉን፣ ቢጫውን፣ ቀዩን እወቁ፣ ቀይ ሲሆን ደሞ መጀመሪያ ምን እንደምትነኩ። ሊቲየም ፖሊመር ባትሪ ከሆነ ሴሉ በኖሚናል 3.7 ቮልት ነው፣ ሲሞላ 4.2፣ ለማስቀመጥ 3.8 አካባቢ፤ ያበጠ ባትሪ ተይዞ አይበረርም፣ ክርክር የለም።

የነዳጅ ሒሳብ ግን ሁሌም ይመጣል፣ ሁሌም ንፋስ ተጨምሮበት። አውሮፕላኑ በአየር ውስጥ 130 ኪሎሜትር በሰዓት ይሄዳል፣ በሰዓት 15 ሊትር ይጠጣል፣ ከቤት 140 ኪሎሜትር ርቋል፣ ሲመለስ 40 ኪሎሜትር በሰዓት የፊት ንፋስ አለ እንበል። መሬት ላይ ያለው ፍጥነቱ 90 ነው። 140 ለ90፣ 1.56 ሰዓት፣ በ15 ሲባዛ 23.3 ሊትር። የ45 ደቂቃ መጠባበቂያ 11.25፣ ድምሩ 35 ሊትር ገደማ። ታንኩ 35 ላይ ሲደርስ ካሜራው ምንም ቢያይ መመለስ ነው። ሲሄድ ንፋሱ ከኋላ ስለነበር ቶሎ ደርሶ "ቅርብ ነኝ" ብሎ ሚያስብ ሰው ነው እዚ ጥያቄ ላይ ሚወድቀው።

8. ሕጉን አትዝለሉት

ሁሉም ይዘለዋል፣ ግን በቀላሉ ነጥብ ሚገኝበት ይሄ ነው። በ1944 የቺካጎ ኮንቬንሽን አንቀጽ 3 የጦር አውሮፕላን የመንግሥት አውሮፕላን ነው፣ ኮንቬንሽኑ ለሱ አይሠራም፣ ግን ሀገሮች ለሲቪል አውሮፕላኖች ደህንነት ተገቢውን ጥንቃቄ ማድረግ አለባቸው። አንቀጽ 8 ደሞ ሰው አልባ አውሮፕላን ያለ ልዩ ፈቃድ በሌላ ሀገር ክልል ላይ አይበርም ይላል፣ ማለት ከ80 ዓመት በፊት አስበውታል። የጦርነት ሕግን በተመለከተ የ1949ኙን የጄኔቫ ስምምነቶችና የ1977ቱን ተጨማሪ ፕሮቶኮል መሠረታውያን እወቁ፤ ሲቪሉን ከተዋጊው መለየት፣ ተመጣጣኝነት፣ ቅድመ ጥንቃቄ። ሦስቱን በምሳሌ ማስረዳት ካልቻላችሁ አላወቃችሁትም። በጥርጣሬ ጊዜ ሰውየው ሲቪል ነው ተብሎ ነው ሚወሰደው፣ ይሄን በተለይ ያዙ፣ ከፈተናም በላይ ነው።

እግረ መንገዴን፣ ለልምምድ ብላችሁ የግል ድሮን ገዝታችሁ አዳማ ላይ እንዳታስነሱ። ሀገራችን ውስጥ ያለ ፈቃድ አይቻልም፣ ሲቪል አቪዬሽንና የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ሚመለከታቸው ናቸው፣ ቢሾፍቱም ሐረር ሜዳ ቅርባችን ነው። ለልምምድ ከታች ምላችሁ ይበቃል።

9. ኢመርጀንሲና ቼክሊስት

ማኑዋሉ ላይ በደማቁ የተጻፉት ቦልድፌስ ሚባሉት ሳይታዩ በቃል ሚወጡ ናቸው፣ ቃል በቃል፣ ኮማዋን እንኳ ሳታስቀሩ። ቀሪው ከቼክሊስት ነው ሚነበበው። "በቃሌ አውቀዋለሁ" ብሎ ቼክሊስት አለመክፈት ጀግንነት ሚመስለው አለ፣ ሲሙሌተር ላይ ወዲያው ነው ሚጥሉት፣ ትክክልም ናቸው።

ለምን እንደሆነ ሚያሳየውን አንድ አደጋ በደንብ አጥኑ። ሚያዝያ 2006 በፈረንጅ፣ አሪዞና ኖጋሌስ አጠገብ፣ የአሜሪካ የጉምሩክና ድንበር ጥበቃ ፕሬዳተር ቢ። መቆጣጠሪያ ጣቢያው ውስጥ ጎን ለጎን ሁለት አንድ ዓይነት ኮንሶሎች አሉ፣ አንዱ ለፓይለቱ፣ አንዱ ለካሜራው። የፓይለቱ ኮንሶል ስክሪን ደረቀ። ፓይለቱ ቁጥጥሩን ወደ ሁለተኛው ሊያዞር ወሰነ። ችግሩ ሁለተኛው ላይ ያለው አንድ ማንሻ ለካሜራ ሲሠራ የሌንሱን አይሪስ (ብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳ) ነው ሚያዘው፣ ለበረራ ሲሠራ ግን የሞተሩን ነዳጅ። ለአይሪሱ ተብሎ የቆመበት ቦታ ለሞተሩ "ነዳጅ ዝጋ" ማለት ነበር። ቼክሊስቱ ከማዞርህ በፊት የሁለቱን ማንሻዎች አመሳስል ይላል፣ አልተከፈተም። ሲዞር ሞተሩ ጠፋ፣ አውሮፕላኑ መብራት ለመቆጠብ ዕቃዎቹን ማጥፋት ጀመረ፣ ከፍታ እየለቀቀ ከሊንኩ እይታ በታች ወረደ፣ ተከሰከሰ። መሬት ላይ የተጎዳ ሰው አልነበረም። ቅድም የሳላችሁትን ስድስት ሳጥን አምጡና በጣታችሁ ተከተሉት፤ ከስክሪን ወደ ማንሻ፣ ከማንሻ ወደ ነዳጅ፣ ከነዳጅ ወደ መብራት፣ ከመብራት ወደ ሊንክ። አንድም ቦታ ላይ የተሰበረ ክንፍ የለም። ይሄን ታሪክ ሳያዩ መተረክ የቻለ ሰው ግማሹን ኦራል ጨርሷል።

10. ልምምዱና ፕሮግራሙ

ላፕቶፕ ካላችሁ ሚሽን ፕላነር ሚባለውን በነጻ ጫኑ፣ ውስጡ ሲሙሌሽን አለው። የጦር ሲስተም አይደለም፣ ግን አስተሳሰቡ ያው ነው። የመነሻ ነጥቡን አዳማ ላይ አድርጉ፣ መንገድ ሥሩለት፣ ንፋስ ጨምሩ፣ ከዛ መሃል ላይ ጂፒኤሱን አጥፉበት፣ ሌላ ጊዜ የመቆጣጠሪያውን ሲግናል ቁረጡበትና ምን እንደሚያደርግ እዩ። ከማየታችሁ በፊት ግን ምን ያደርጋል ብላችሁ እንደምትጠብቁ ወረቀት ላይ ጻፉ፣ ካልጻፋችሁ "አውቄው ነበር" ማለት ይመጣል። መብራት ሚሄድበት ሰፈር ከሆናችሁ ፋይሎቹንም ካርታውንም ቀድማችሁ አውርዱ።

6 ሳምንት ካላችሁ፣ የመጀመሪያው ሳምንት ሲለበስና ሥዕል፣ ቀጥለው ያሉት ሦስቱ ከ3 እስከ 8 ያለውን፣ ከዛ ኢመርጀንሲና ኦራል፣ የመጨረሻው ክለሳ ብቻ። ቦልድፌሱን ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሩ፣ ጠዋት ፊት ስትታጠቡ አንዴ፣ ማታ አንዴ። ሦስት ወይ አራት ሆናችሁ ሰብሰብ በሉ፣ አንዱ ፈታኝ ይሁን፣ "ከዛስ?" እያለ ይግፋ። ፈታኝ መሆን ከመፈተን በላይ ያስተምራል፣ ተራ ግቡ። ከአምስት በላይ ስትሆኑ ወሬ ይሆናል።

ጫት ቅሞ ማደርን በተመለከተ ምክሬን ሳትጠይቁኝ ልስጥ፣ ተዉት። ምርቃናው ላይ የገባ ሁሉ የተያዘ ይመስላል፣ ጠዋት ግን ባዶ ነው፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው ሲሙሌተር ላይ እጁ ሳይሆን ዓይኑ ነው ሚዘገየው፣ ፈታኞቹም ፊታችሁን አይተው ያውቁታል። የሰው ባህርይ ክፍል ውስጥ ስለ ድካም ሚጠይቋችሁም ራሳችሁን ነው።

11. የፈተናው ቀን

ከቤት ሰዓት ጠብቃችሁ ውጡ፣ የደሞዝ ሰሞን ከሆነ ባጃጅም ታክሲም ሰልፍ ነው። መታወቂያ፣ ሁለት እስክሪብቶ፣ ከተፈቀደ ተራ ካልኩሌተር። ጽሁፉ ላይ መጀመሪያ ፎርሙላዎቹን ባዶ ወረቀት ላይ አራግፉ፣ 120ውን፣ 4.12ቱን፣ የጎን ንፋሱን፣ የዙሉውን ፕላስ 3። ጥያቄው ውስጥ ጫማ ነው ሜትር፣ ኖት ነው ኪሎሜትር፣ ከመሬት ነው ከባህር ጠለል ሚለውን አስምሩበት፣ ምርጫዎቹ ውስጥ አንዱ ሁሌም በተሳሳተ መለኪያ የተሠራው መልስ ነው።

ኦራል ላይ ማታውቁትን ከጠየቋችሁ አትፍጠሩ። "በቃሌ አልያዝኩትም፣ ማኑዋሉ እዚ ምዕራፍ ላይ ነው፣ ላውጣው?" በሉ፣ ብዙ ፈታኝ ይፈቅዳል፣ የት እንዳለ ማወቅም ይቆጠራል። ቦልድፌስ ከሆነ ግን ይሄ አይሠራም። ሲሙሌተር ላይ ምታደርጉትን ጮክ ብላችሁ ተናገሩ፣ "ኮንሶል ላዞር ነው፣ ቼክሊስት ከፍቻለሁ፣ ማንሻዎቹን አመሳስያለሁ" እያላችሁ፣ ፈታኙ ጭንቅላታችሁ ውስጥ ያለውን አያይም። አጠገባችሁ የተቀመጠው የካሜራ ኦፕሬተር አንድ ነገር ካላችሁም መልሱለት፣ አንዳንዴ ሆን ብለው የተሳሳተ ነገር እንዲናገር ያደርጉታል፣ ዝም ብላችሁ ተቀበላችሁት ወይስ አጣራችሁ ነው ሚያዩት።